በነጥቦች መካከል ያለው ክፍተት፦ የመኪናችን ኮምፒውተር ያልተነገረውን እንዴት ያሰላል?

«መኪናው ከዱባይ የመጣ ስለሆነ ለአዲስ አበባ አየር ኮምፒውተሩ መስተካከል አለበት» የሚል ምክር ያልሰማ ባለመኪና ጥቂት ነው። አንዳንዱ ምክሩን ተቀብሎ ገንዘቡን ከፍሎ ያሠራል። አንዳንዱ ደግሞ ነገሩ ምን እንደሆነ ስለማይገባው በጥርጣሬ ይተወዋል። ጉዳዩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። በአግባቡ ያልተነካ ኮምፒውተር ሞተር እስከማበላሸት ሊደርስ ይችላል። አገራችን ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ስለከለከለች ደግሞ፣ ዛሬ በእጃችን ያሉት የቤንዚን መኪኖች ለብዙ ዓመት እንዲያገለግሉን በጥንቃቄ መያዝ ይኖርብናል።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ አንድ ጥያቄ እናነሣለን። ኢሲዩ እየተባለ የሚጠራው የመኪና ኮምፒውተር በፋብሪካ የተሞላለት ጥቂት ቁጥር ብቻ ሆኖ ሳለ፣ መንገድ ላይ የሚገጥመውን ሺህ ዓይነት ሁኔታ በምን ያስተናግደዋል? መልሱ ከባድ ሒሳብ የለውም። መደመር፣ መቀነስ፣ ማባዛትና ማካፈል የሚችል ሁሉ ይከተለዋል። ይህን የተረዳ ሰው ደግሞ ጋራዥ ውስጥ የሚነገረውን እውነትና ልማዳዊ ወሬ መለየት ይቀለዋል።

ሰንጠረዡ ምን ይዟል?

የቤንዚን ሞተር ኮምፒውተር በየጊዜው ሁለት ዋና ነገሮችን ይወስናል። አንደኛው ኢንጀክተሩ ምን ያህል ቤንዚን ይርጭ የሚለው ነው። ሁለተኛው ካንዴላው መቼ እሳት ይስጥ የሚለው ነው። እሳቱ የሚሰጠው ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ከመድረሱ ትንሽ ቀደም ብሎ ነው፤ ምክንያቱም የታመቀው ቤንዚንና አየር ነዶ እስኪያልቅ ጊዜ ይፈልጋል። ይህ መቅደም በዲግሪ ይለካል፤ መካኒኮች ታይሚንግ ይሉታል። ከልክ በላይ ከቀደመ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ማንኳኳቱ ከቀጠለም ፒስተን ይጎዳል። ከዘገየ ደግሞ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ ማርሚታው ከልክ በላይ ይሞቃል፣ ነዳጅም ይባክናል።

ትክክለኛው ዲግሪ አንድ ቁጥር አይደለም። ሞተሩ በደቂቃ በሚዞረው ዙርና ወደ ሲሊንደሩ በሚገባው የአየር መጠን ይለዋወጣል። የአየሩን መጠን ባለሙያዎች የሞተሩ ጭነት ይሉታል። በቀድሞዎቹ መኪኖች ይህን ሥራ ይሠራ የነበረው ዲስትሪቢውተር ነው። በውስጡ ያሉት ክብደቶች ሞተሩ ሲፈጥን ወደ ውጭ ይወጠራሉ፤ ሞላዎች ደግሞ መልሰው ይይዟቸዋል። በዚህ አሠራር የሚገኘው ታይሚንግ ሞላዎቹ በሚፈቅዱት ልክ ብቻ የሚጨምር ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1979 የጀርመኑ ቦሽ ኩባንያ ሞትሮኒክ የተባለውን ሥርዓት በቢኤምደብልዩ 732አይ መኪና ላይ አወጣ። የነዳጁንና የእሳቱን ውሳኔ በአንድ ዲጂታል ኮምፒውተር ያዋሐደ ሥርዓት ነበር። የክብደትና የሞላውን ቦታ የቁጥር ሰንጠረዥ ተካው። ይህን ሰንጠረዥ የሙያው ሰዎች ማፕ ይሉታል። የአየር ግፊት የሚለካው ዕቃም ማፕ ሴንሰር ስለሚባል እንዳይምታታ፣ እኛ በዚህ ጽሑፍ ቁጥሮቹ የተጻፉበትን ሰንጠረዥ እያልን እንቀጥላለን።

ሰንጠረዡን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ አድርጎ ማሰብ ይቻላል። ከላይ ወደ ጎን የሞተሩ ዙር ተደርድሯል፤ በግራ ወደ ታች ጭነቱ ተደርድሯል። ሁለቱ በሚገናኙበት ሳጥን ውስጥ አንድ ቁጥር አለ። የፋብሪካ መሐንዲሶች ሞተሩን መለኪያ ማሽን ላይ አስረው በእያንዳንዱ ነጥብ የሚስማማውን ቁጥር ፈልገው ይሞሉታል። የተለመደ መጠኑ 16 በ16 ነው፤ ማለትም 256 ነጥብ።

ለምን ሁሉንም አይሞሉትም? ሒሳቡን እንየው። ከ600 እስከ 6,600 ዙር ድረስ እያንዳንዱን ዙር፣ በእያንዳንዱም ላይ 100 ዓይነት ጭነት ብንመዘግብ 600,000 ነጥብ ይሆናል። ለአንዱ ነጥብ አንድ ደቂቃ ብቻ ብንሰጥ እንኳ ሥራው 10,000 ሰዓት ይወስዳል፤ ሌትና ቀን ሳያቋርጡ ከ416 ቀን በላይ ማለት ነው። 256 ነጥብ ግን በዚሁ ፍጥነት ከአራት ሰዓት ጥቂት ይበልጣል። በዚያ ላይ የያኔዎቹ ቺፖች የማስታወሻ ቦታቸው እጅግ ጠባብ ነበር። ስለዚህ ጥቂት ነጥብ በጥንቃቄ መለካትና በመካከል ያለውን ማስላት ተመረጠ።

በሁለት ነጥቦች መካከል

ሰንጠረዡ በ2,000 ዙር 24 ዲግሪ፣ በ2,500 ዙር ደግሞ 28 ዲግሪ ይላል እንበል። እነዚህ ቁጥሮች ለማስረዳት የመረጥናቸው እንጂ የአንድ የተወሰነ መኪና አይደሉም። ሞተሩ አሁን 2,200 ላይ ነው። ሰንጠረዡ ውስጥ 2,200 የሚባል ነጥብ የለም። ኮምፒውተሩ ቅርቡን ቁጥር ቢወስድ 24 ይሰጣል፤ ዙሩ ከ2,250 ሲያልፍ ግን ድንገት ወደ 28 ይዘላል። መኪናው በዚያች ቅጽበት ይደነቃቀፋል።

በዚህ ፈንታ ኮምፒውተሩ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ቀጥ ያለ መስመር ያሰምራል። 2,200 ከ2,000 በ200 ይርቃል፤ የሁለቱ ነጥቦች ርቀት 500 ነው። 200 ለ500 ሲካፈል 0.4 ነው። ስለዚህ ከመንገዱ አራት አሥረኛውን ሄደናል ማለት ነው። በሁለቱ ዲግሪዎች መካከል ያለው ልዩነት 4 ነው፤ የ4 አራት አሥረኛ 1.6 ነው። 24 ላይ 1.6 ሲጨመር 25.6 ዲግሪ ይሆናል። ይህ ስሌት ኢንተርፖሌሽን ይባላል። በሁለት የታወቁ ቁጥሮች መካከል ያለውን ያልታወቀ ቁጥር በርቀቱ ልክ ማካፈል ነው።

በአራት ነጥቦች መካከል

ሰንጠረዡ ሁለት ጎን ስላለው ጭነቱም በነጥቦች መካከል ሊወድቅ ይችላል። ጭነቱን ወደ ሞተሩ በሚገባው አየር ግፊት በኪሎፓስካል እንለካው። አራት ነጥቦች አሉን፦

በ60 ኪሎፓስካል፦ በ2,000 ዙር 24 ዲግሪ፣ በ2,500 ዙር 28 ዲግሪ
በ80 ኪሎፓስካል፦ በ2,000 ዙር 18 ዲግሪ፣ በ2,500 ዙር 20 ዲግሪ

ሞተሩ 2,200 ዙርና 65 ኪሎፓስካል ላይ ነው። ኮምፒውተሩ በመጀመሪያ በ60 ረድፍ ላይ ያሰላል፤ ቅድም እንዳየነው 25.6 ያገኛል። ቀጥሎ በ80 ረድፍ ላይ ያሰላል፤ 18 ላይ የ2 አራት አሥረኛ ሲጨመር 18.8 ይሆናል። አሁን የቀረው ከ60 እስከ 80 ያለው ርቀት ነው። 65 ከ60 በ5 ይርቃል፤ 5 ለ20 ሲካፈል ሩብ ነው። ከ25.6 ወደ 18.8 መውረጃው 6.8 ነው፤ ሩቡ 1.7 ነው። 25.6 ሲቀነስ 1.7 እኩል 23.9 ዲግሪ።

ያው መልስ በሌላ መንገድም ይገኛል። ለአራቱም ነጥቦች በቅርበታቸው ልክ ድርሻ መስጠት ይቻላል። ለ24 ድርሻው 45 በመቶ፣ ለ28 ድርሻው 30 በመቶ፣ ለ18 ድርሻው 15 በመቶ፣ ለ20 ድርሻው 10 በመቶ ነው። በየድርሻቸው አባዝተን ብንደምራቸው 23.9 ይመጣል። አንባቢያን ይህን የድርሻ ነገር እንዲይዙልን እንፈልጋለን፤ ኋላ ላይ ወሳኝ ይሆናል። የሩቁ ነጥብም ቢሆን ትንሽ ድርሻ አለው፤ መኪናው ደርሶበት የማያውቀው ረድፍ ሳይቀር በውሳኔው ውስጥ ድምፅ አለው።

ይህ ሁሉ የሚከናወነው ዐይን ሳይጨፈን ነው። ባለአራት ሲሊንደር ሞተር በ6,000 ዙር ሲሽከረከር በየ5 ሚሊሰከንዱ አንድ ካንዴላ ይተኩሳል። ቀደምት ቺፖች ማካፈል ጊዜ ይወስድባቸው ስለነበር መሐንዲሶች የነጥቦቹን ርቀት ለማካፈል የሚቀሉ ቁጥሮች ያደርጓቸው ነበር፤ 256ን የመሰሉ። ሞቶሮላ ደግሞ 68ኤችሲ12 በተባለው ቺፑ ውስጥ ለዚሁ ስሌት ብቻ የሚያገለግል የራሱ ትእዛዝ አስገብቷል።

ስልቱ ግን አዲስ አይደለም

በሰንጠረዥ ረድፎች መካከል ማስላት ከኮምፒውተር በፊት ብዙ መቶ ዓመታት የኖረ ጥበብ ነው። ዚጅ የሚባሉትን የሥነ ፈለክ ሰንጠረዦች ያዘጋጁ ሙስሊም ሊቃውንት የፀሐይንና የጨረቃን ቦታ ለጥቂት ማዕዘኖች አስልተው ይጽፉ ነበር፤ በመካከል ያለውን ተጠቃሚው በርቀቱ ልክ ያካፍለዋል። እ.ኤ.አ. በ973 የተወለደው አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ «አል-ቃኑን አል-መስዑዲ» በተሰኘው ሥራው ከቀጥታው መስመር አልፎ የመስመሩን መታጠፍ የሚያስገባ ስሌትም ተጠቅሟል። ለምን አስፈለገው? ቀጥታ መስመር የሚሳሳትበት ቦታ ስላለ ነው። ያው ችግር በመኪናችን ውስጥም አለ።

ቀጥታ መስመር የሚሳሳትበት ቦታ

ተፈጥሮ ሁልጊዜ በቀጥታ መስመር አትሄድም። የሞተሩን ውኃ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር እንውሰድ። በብዙ መኪኖች ላይ የሚገኘው ዓይነት በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ወደ 2,500 ኦም፣ በ80 ዲግሪ ደግሞ ወደ 320 ኦም ተቃውሞ ያሳያል። ሰንጠረዡ እነዚህን ሁለት ነጥቦች ብቻ ቢይዝ፣ ተቃውሞው በመካከል 1,410 ኦም ሲሆን ኮምፒውተሩ «ሙቀቱ 50 ዲግሪ ነው» ይል ነበር። እውነተኛው ሙቀት ግን 35 ዲግሪ ገደማ ነው። የ15 ዲግሪ ስህተት ማለት ነው። ያልሞቀ ሞተር እንደሞቀ ተቆጥሮ ቤንዚን ይቀነስበታል፤ ጠዋት ጠዋት ይንገዳገዳል፣ ይጠፋል።

መፍትሔው ነጥቦቹን መስመሩ በሚታጠፍበት ቦታ ማቀራረብ ነው። ሴንሰሩ በ30፣ በ40፣ በ50፣ በ60 ዲግሪ ሲለካ ወደ 1,710፣ 1,180፣ 830 እና 600 ኦም ይሰጣል። እነዚህ ሰንጠረዡ ላይ ከገቡ በሁለት ጎረቤት ነጥቦች መካከል ያለው ቀጥታ መስመር ከእውነቱ ብዙ አይርቅም። በታይሚንጉ ሰንጠረዥም እንዲሁ ነው። መሐንዲሶች በሚኒሞ አካባቢና የሞተሩ ባሕርይ በፍጥነት በሚለዋወጥበት ዙር ላይ ነጥቦችን ያቀራርባሉ፤ ረጋ ባለው ቦታ ያራርቃሉ። ስለዚህ የሰንጠረዥ ጥራት በነጥቦቹ ብዛት ብቻ አይለካም። ነጥቡ የት እንደተቀመጠ መታየት አለበት።

ከጠርዙ ሲወጣ

ሰንጠረዡ የሚያልቅበት ጠርዝ አለው። የመጨረሻው ዙር 6,400 ሆኖ ሞተሩ 6,700 ቢደርስ ኮምፒውተሩ መስመሩን ወደፊት አያስረዝምም። በተለምዶ የመጨረሻውን ቁጥር ይዞ ይቆማል። ይህ ጥበቃ ነው፤ ማንም ባልለካው ቦታ መስመር ማስረዘም አደጋ ስላለው። ግን ወሰንም ነው። ሞተሩ ላይ ትልቅ ተርቦ የገጠመ ሰው የአየር ግፊቱ ከሰንጠረዡ ጠርዝ ካለፈ፣ ኮምፒውተሩ ለጭማሪው አየር የሚሰጠው የተለየ ታይሚንግ የለውም። በጠርዙ ላይ የተጻፈውን ብቻ ይደግማል።

ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ

አሁን ወደ መነሻው ጥያቄ እንመለስ። የአየር ግፊት ከፍታ ሲጨምር ይቀንሳል። በባሕር ጠለል ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ወደ 88 ይደርሳል። አዳማ ላይ 82 ገደማ ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች 76 አካባቢ ይሆናል። ይህም በባሕር ዳርቻ ከሚገኘው ግፊት ሦስት አራተኛው ነው።

ተርቦ የሌለው ሞተር ከውጭው አየር የበለጠ ግፊት ማግኘት አይችልም። አዲስ አበባ ላይ መርገጫውን ወለል ድረስ ቢረግጡት ጭነቱ ከ76 አያልፍም። ስለዚህ በሰንጠረዡ ላይ ያሉት የ80ና የ100 ረድፎች በቀጥታ አይነኩም። ነገር ግን መኪናው ዱባይ እያለም ቀስ ብሎ ሲነዳ በ40፣ በ50፣ በ60 ግፊት ይሠራ ነበር። እነዚያ ረድፎች በፋብሪካ ተለክተው ተሞልተዋል። ከዚህ በተጨማሪ ለውጭው አየር ግፊት የተለየ የማስተካከያ መስመር በብዙ መኪኖች ውስጥ አለ፤ እሱም በነጥቦች መካከል በዚያው ስሌት ይሠራል። አየሩን የማያውቀው ካርቡራተር ነበር፤ በከፍታ ላይ ቤንዚን ያበዛ የነበረውም ለዚህ ነው። ኢሲዩ ያለው መኪና ግን አየሩን ለክቶ ራሱን ያስተካክላል።

ታዲያ መኪናው አዲስ አበባ ላይ ለምን ይደክማል? አየሩ በሩብ ስለቀነሰ ነው። ሩብ ያነሰ አየር ሩብ ያህል ያነሰ ቤንዚን ብቻ ያቃጥላል፤ ጉልበቱም በዚያው ልክ ገደማ ይቀንሳል። በሰንጠረዡ ላይ ቁጥር በመቀየር የሌለ አየር ማምጣት አይቻልም። «የጠፋውን ጉልበት እንመልሳለን» የሚል ሰው ከዚህ ሐቅ ጋር መነጋገር አለበት።

ከዚህ የሚብሰው ግን የሚቀጥለው ነው። አንድ ባለሙያ አዲስ አበባ ላይ ሞተሩን ቀልጠፍ ለማድረግ በ2,000 ዙር የ80ን ረድፍ ከ18 ወደ 22 ዲግሪ አሳደገው እንበል። በ76 ኪሎፓስካል የ80 ረድፍ ድርሻ 80 በመቶ ነው፤ የቀረው 20 በመቶ የ60 ረድፍ ነው። ስለዚህ ታይሚንጉ ከ19.2 ወደ 22.4 ያድጋል። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ላያንኳኳ ይችላል። መኪናው ጥሩ ሄደ ተብሎ ገንዘቡ ይከፈላል።

ከወር በኋላ ቤተሰቡ ተሳፍሮ ወደ ድሬዳዋ ይወርዳል። ሙቀቱ ከፍ ብሏል፤ ዳገት ላይ መርገጫው ሲረገጥ ጭነቱ ወደ 88 ይወጣል። አሁን ኮምፒውተሩ በ80ና በ100 ረድፎች መካከል ነው። የ100 ረድፍ በፋብሪካው ቁጥር 12 ዲግሪ ቢሆን፣ በፊት ሊሰጥ የነበረው 15.6 ነበር። የ80 ረድፍ 22 ስለሆነ አሁን የሚሰጠው 18 ነው። በበለጠ ጭነትና በበለጠ ሙቀት ላይ 2.4 ዲግሪ ተጨምሯል። ይህን ማንም አልለካውም፤ አዲስ አበባ ላይ ሊለካም አይችልም ነበር፤ ግፊቱ እዚያ አይገኝምና። ኢንተርፖሌሽን ሽግግሩን ስላለሰለሰው ሹፌሩ ምንም መዝለል አይሰማውም። የሚሰማው ነገር ካለ ማንኳኳት ነው፤ በረዥም ዳገት፣ መስኮት ተከፍቶ በሚጮህ ነፋስ መሐል ግን ይህም ላይሰማ ይችላል።

አንዳንድ መኪኖች የማንኳኳት ሴንሰር አላቸው፤ ሲሰማ ታይሚንጉን ወደኋላ ይመልሳሉ። ይህ ግን ለአደጋ ጊዜ የተቀመጠ ጠባቂ እንጂ የተሳሳተ ሰንጠረዥን ዘወትር እንዲያርም የተሠራ አይደለም።

ሴንሰሩ ሲዋሽ

ኮምፒውተሩ የሰንጠረዡን ቦታ የሚፈልገው ሴንሰሮች በነገሩት መሠረት ነው። እውነተኛው ግፊት 65 ሆኖ ሴንሰሩ 60 ካለው፣ በላይኛው ምሳሌያችን 23.9 ዲግሪ መስጠት ሲገባው 25.6 ይሰጣል። በግፊት ላይ ተመሥርቶ ነዳጅ የሚያሰላ ሥርዓት ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑን ወደ 8 በመቶ ይቀንሰዋል። ታይሚንጉ ቀደመ፣ ቤንዚኑ ቀጠነ፤ ሁለቱም ወደ ማንኳኳት ይገፋሉ። ሰንጠረዡ ግን ምንም ስህተት የለበትም። ስሌቱም ትክክል ነው። የተሳሳተው ጥያቄው ነው።

የኦክስጅን ሴንሰሩ ከጭሱ ተነሥቶ ነዳጁን ያርማል፤ ኮምፒውተሩም እርማቱን በመቶኛ ይይዘዋል። በመሆኑም ችግሩ ለረዥም ጊዜ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል። ስካነር ላይ የረዥም ጊዜው የነዳጅ እርማት ከ10 በመቶ በላይ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ከታየ፣ የቼክ ኢንጂን መብራት ባይበራም እንኳ የአየር ማስገቢያው መተንፈሱን፣ የሴንሰሩን ንጽሕናና የነዳጁን ግፊት ማየት ይገባል።

የግፊት ሴንሰሩን ለማጣራት ደግሞ ቀላል መንገድ አለ። ሞተሩን ሳያስነሡ ቁልፉን ብቻ ከፍተው በስካነር የማፕ ሴንሰሩን ንባብ ይመልከቱ። ሞተሩ ስላልዞረ ሴንሰሩ የሚያነበው የውጭውን አየር ነው። አዲስ አበባ ላይ 76 አካባቢ፣ አዳማ ላይ 82 አካባቢ፣ ድሬዳዋ ላይ 88 አካባቢ መሆን አለበት። አንድ ሁለት ኪሎፓስካል ልዩነት ችግር የለውም። አዲስ አበባ ላይ 95 ወይም 60 ካሳየ ግን ሴንሰሩ ወይም ሽቦው መታየት አለበት። እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት እንጠቁም። በባሕር ጠለል ለሚገኙ አገሮች የተጻፈ መመሪያ «100 መሆን አለበት» ስለሚል፣ አዲስ አበባ ላይ 76 ያነበበ ደህና ሴንሰር ተበላሽቷል ተብሎ ሊቀየር ይችላል።

አንድ ቁጥር፣ አራት ሳጥን

ሰንጠረዥ የሚነካ ሰው ማወቅ ያለበት ሌላም ነገር አለ። አንድ ነጥብ ብቻውን አይቀየርም። በዙሪያው ያሉት አራት ሳጥኖች ሁሉ ያንን ነጥብ ይጋሩታል። በምሳሌያችን የ2,500 ዙርና የ80 ኪሎፓስካል ነጥብ ከ20 ወደ 26 ቢያድግ፣ በ2,200 ዙርና በ65 ግፊት ላይ ድርሻው 10 በመቶ ስለሆነ 0.6 ዲግሪ ብቻ ይጨምራል። በ2,450 ዙርና በ78 ግፊት ላይ ግን ድርሻው 81 በመቶ ስለሚሆን ወደ 4.9 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ አንድ ነጥብ አጎልቶ አይተውም። ጎረቤቶቹን አብሮ ያያል፣ ያስማማል፣ እያንዳንዱንም በለውጡ መጠን ይለካል።

የሰው መኪና በእጁ የገባለት ባለሙያ አማና ተሸክሟል። ባለመኪናው ደግሞ የመጠየቅ መብት አለው። ኮምፒውተር ይነካ ሲባል የሚከተሉትን መጠየቅ ተገቢ ነው፦

በፋብሪካው የነበረው ሰንጠረዥ ሳይነካ በፊት ተገልብጦ ተቀምጧል ወይ? ካልተቀመጠ መመለሻ የለም።

የተቀየሩት የትኞቹ ረድፎች ናቸው? «አጠቃላይ አስተካክዬዋለሁ» መልስ አይደለም።

ከለውጡ በኋላ መኪናው የት ተለካ? አዲስ አበባ ላይ ብቻ ከሆነ ከ76 በላይ ያሉት ረድፎች አልተሞከሩም። ወደ ቆላ የሚወርድ መኪና ከሆነ እነዚያ ረድፎች በፋብሪካው ቁጥር ቢቆዩ ይሻላል።

ከሰንጠረዡ በፊት ሴንሰሮቹ ተመርምረዋል ወይ? በዋሸ ሴንሰር ላይ የተስተካከለ ሰንጠረዥ፣ ሴንሰሩ የተቀየረ ዕለት ራሱ ስህተት ይሆናል።

ባለተርቦ ናፍጣ መኪና ያላችሁ አንባቢያን ቁጥሮቹ ለእናንተ ይለያሉ፤ ተርቦው አየሩን ስለሚጨምቅ ግፊቱ ከውጭው አየር በላይ ይወጣል። የአየሩን ክብደት የሚለኩ መኪኖችም ጭነቱን በኪሎፓስካል አይቆጥሩም። የስሌቱ ባሕርይ ግን አንድ ነው፤ የተለካ ነጥብ፣ በመካከሉ ቀጥታ መስመር፣ በጠርዙ ላይ መቆም።

በመጨረሻም የምንለው አጭር ነው። ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የተለኩትን ነጥቦች ብቻ ነው፤ የቀረውን በቅርበታቸው ልክ አካፍሎ ይሞላዋል። ከዱባይ የመጣ ደህና መኪና ለአዲስ አበባ አየር የሚሆነውን ነጥብ ከፋብሪካው ይዞ መጥቷል። ደክሞ ከታየ ገንዘባችንን በቅድሚያ የምናውለው የአየር ማጣሪያውን፣ ካንዴላውንና ሴንሰሮቹን በማስመርመር ላይ ይሁን። ሰንጠረዡን መንካት የግድ ከሆነ ደግሞ፣ የነካውን ሁሉ ለክቶ ማሳየት ለሚችል ሰው ብቻ እንስጥ።